የኪችን ካውንተር ከምን ይሠራ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኪችን ሲሠራ ሰው ካቢኔቱን ይመርጣል፣ ቀለሙን ይመርጣል፣ እጀታው ሳይቀር ያከራክራል። ላዩ ላይ የሚዘረጋው ካውንተር ግን ብዙ ጊዜ ለአናጺው ወይም ለሻጩ ይተዋል። የየዕለቱን መከራ የሚቀበለው ደግሞ እሱ ነው። ትኩስ ድስቱ፣ የፈሰሰው ሊጥ፣ ቅቤው፣ በርበሬው፣ በረኪናው ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። እዚህ ያሉት መልሶች በዋነኝነት የአዲስ አበባን ቤት አስበው የተጻፉ ናቸው። ውጭ ለሚኖሩም ወደ መጨረሻው ትንሽ ነገር አለ።

በአጭሩ ንገሩኝ፤ የትኛው ይሻላል?

ለአብዛኛው ቤት ግራናይት። ጠቆር ወይም መሀከለኛ ቀለም ያለው፣ ነጠብጣብ የበዛበት ቢሆን ይመረጣል። ብሩ ካልደረሰ በኮንክሪት ስላብ ላይ በደንብ የተነጠፈ ሴራሚክ ከርካሽ ፎርማይካ ይሻላል። ማርብልን በየቀኑ ለሚበሰልበት ኪችን አልመክርም። ኳርትዝ፣ ማለትም ከተፈጨ ድንጋይ በፋብሪካ የሚሠራው፣ ያምራል፣ ጠንካራም ነው፤ ግን ትኩስ ድስት አይወድም።

ከመወሰንዎ በፊት አንድ ነገር ያስቡ። ኪችኑ ውስጥ የሚያበስለው ስንት ሰው ነው? ብቻዎን ከሆኑ ለስላሳ ነገር ገዝተው ተጠንቅቀው መያዝ ይችላሉ። እናትዎ፣ እህትዎ፣ ሠራተኛ፣ በበዓል የሚመጡ አክስቶች ሁሉ የሚገቡበት ኪችን ከሆነ ግን ማንንም «እዚህ አታስቀምጡ» ሳይሉ የሚኖሩበትን ይግዙ። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ስታቁላላ የዋለችን ሴት ድስቱን የት እንደምታሳርፍ መቆጣጠር አይቻልም፤ ደግሞም አይገባም።

ሻጩ ሁሉንም «ማርብል» ይለዋል። ማርብል ይሁን ግራናይት በምን ልለይ?

ከሻጩ ቁራጭ ይጠይቁ። ሲቆረጥ የተረፈ ትንሽ ድንጋይ የሌለው ቤት የለም። ቤት ይውሰዱና የተወለወለው ገጽ ላይ ሎሚ ጠብ ያድርጉበት። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው ጠርገው ያድርቁት። ከዚያ ቁራጩን ወደ መስኮት አዘንብለው በብርሃን ይዩት። ሎሚው ያረፈበት ቦታ ከደበዘዘ ማርብል ነው፤ ወይም የማርብል ዘመድ የሆነ የኖራ ድንጋይ። እንደነበረ ካብረቀረቀ ግራናይት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ማርብል ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ኮምጣጣ ነገር ይበላዋል። በድንጋይ ጥንካሬ መለኪያ ከ10 ውስጥ የሚያገኘው 3 ገደማ ነው። ግራናይት ከ6 እስከ 7 ይደርሳል። የቢላ ብረት በሁለቱ መሀል ስለሚወድቅ ማርብልን ይጭራል፣ ግራናይትን ግን አይደፍረውም።

ለእኛ ቤት ዋናው ጠላት ሎሚም ኮምጣጤም አይደለም፤ የእንጀራ ሊጥ ነው። አብሲት የተጣለበት ሊጥ ሌሊት ኩፍ ብሎ ከባልዲው አፍ ይወጣል። በጎኑ ይወርድና ካውንተሩ ላይ አድሮ ይጠብቃል። ጠዋት ሲጠረግ ማርብሉ ላይ የባልዲው ቂጥ ክብ ሆኖ ደብዝዞ ይታያል። በሳሙና ይታሻል፣ አይለቅም። በሽቦ ይፈተጋል፣ ይብስበታል። ቆሻሻ ስላልሆነ ነው፤ የድንጋዩ ገጽ ራሱ ተበልቷል። መፍትሔው ባለሙያ ጠርቶ እንደገና ማስወልወል ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ማርብልን ለማጥላላት አይደለም። ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚወጣው የዳለቲ እምነበረድ ለወለል፣ ለደረጃ፣ ለመስኮት ደፍ ሲውል በጣም ያምራል። ለኪችን ግን የባቢሌ ግራናይትን የመሰለ ጠንካራ ድንጋይ ይሻላል።

ጥቁር ግራናይት ቀለም ይቀባል የሚባለው እውነት ነው?

አንዳንዱ ይቀባል። ግራጫውን ድንጋይ በዘይት ወይም በቀለም አጥቁሮ መሸጥ በዓለም ገበያ የታወቀ ነገር ነው። ነጭ ጥጥ በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ነክረው ከቁራጩ አንድ ጥግ ይሹት። ጥጡ ከጠቆረ ሌላ ሱቅ ይሂዱ። እንዲህ ያለው ድንጋይ ሎሚ በነካው ቁጥር ግራጫ እያለ ይሄዳል።

ጥቁር ከመምረጥዎ በፊት ደግሞ ይህንን ይወቁ። ሙሉ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ገጽ የጤፍ ዱቄት፣ የደረቀ የውሃ ጠብታ፣ የጣት አሻራ ሁሉ ይታይበታል። ነጭ ደግሞ እርዱንና በርበሬውን ያሳያል። ነጠብጣብ የበዛበት ነገር ግን ሁሉንም ይደብቃል። እንግዳ በድንገት ሲመጣ ዋጋው የሚታወቀው ያኔ ነው።

ትኩስ ድስት በቀጥታ ላስቀምጥ እችላለሁ?

ግራናይትና ሴራሚክ ላይ፣ አዎ፣ በአብዛኛው። ግራናይት ሙቀቱን ይችላል። የማይወደው ድንገተኛ ለውጥ ነው። በጣም የጋለ መጥበሻ ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ በተደጋጋሚ አንድ ቦታ ቢያርፍ፣ በተለይ ሲንኩ ወይም ምድጃው በተቆረጠበት ጠባብ ክፍል ላይ፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ከምድጃው አጠገብ አንድ ወፍራም ጣውላ ወይም የድስት ማስቀመጫ ሁልጊዜ ቢኖር አይከፋም።

ኳርትዝ ሌላ ታሪክ ነው። በፋብሪካ የሚሠራው ኳርትዝ 90 በመቶ ገደማ የተፈጨ ድንጋይ ሲሆን ቀሪው ሬዚን የሚባል ማጣበቂያ ነው። ሬዚኑ ከ150 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ይጎዳል። ይቢጫል ወይም ነጭ ክብ ይወጣበታል፣ ያም አይመለስም። አዲስ አበባ ከፍታዋ ብዙ ስለሆነ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ስለዚህ የሻይ ማንቆርቆሪያ ብዙ አያስፈራም። የሚያስፈራው የጥብስ መጥበሻ ነው፤ ዘይቱ ብቻውን 180 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፣ ብረቱ ከዚያም ያልፋል። ሸክላ ድስትም አለ። ከእሳት ወርዶ ሹሮው እየተንተከተከ ገበታ የሚቀርበው ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ ነው፤ ያ ሁሉ ሙቀት ቀስ እያለ የሚወርደው ካውንተሩ ላይ ነው።

ፎርማይካ ላይ አይሞክሩት። ገጹ ይፋቃል፣ ያብጣል። እንጨትም ክብ ጠባሳ ይዞ ይቀራል።

አንድ ሌላ ነገር፦ የሸክላ ድስትና የጀበና ቂጥ ሸካራ ነው። ከሰል ላይ የዋለ ከሆነ ጥላሸትም አለበት። ሲጎተት ፎርማይካን ይጭራል፣ ማርብልን ይጭራል፣ በነጭ ሴራሚክ መጋጠሚያ ላይ ጥቁር መስመር ያሰምራል። አንስቶ ማስቀመጥ፣ አለመጎተት።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ካውንተር ላይ ቢቀመጥስ?

ይህ ጥያቄ መጀመሪያ መነሳት የነበረበት ነው። ኪችኑ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ «ምጣዱስ የት ይሁን?» የሚባልበት ቤት ብዙ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከልክ ነው። የተለመደው ካውንተር 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አለው። ትልቁ የኤሌክትሪክ ምጣድም ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ እጀታና ማጠፊያ ሲጨመርበት ያልፋል። ግድግዳውን ተጠግቶ እንኳ ከፊት ተንጠልጥሎ ይቀራል። አክንባሎውን ለመክፈትም ቦታ የለም።

ሁለተኛው ቁመት ነው። ካውንተሩ 85 ወይም 90 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ምጣዱ ሲቀመጥበት እንጀራ የምትጋግር ሴት ክንዷን ሽቅብ ይዛ ሊጥ ልታዞር ነው። ለአንድ እንጀራ ምንም አይደል፤ ለሠላሳ ግን ትከሻ ይጨርሳል።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም፤ እንፋሎቱ ነው። አክንባሎው በተነሣ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት ቀጥ ብሎ ላይኛው ካቢኔት ላይ ይሄዳል። ካቢኔቱ ኤምዲኤፍ ወይም ቺፑድ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) ከሆነ ታችኛው ጠርዙ ያብጣል፣ ከዚያ ልጣጩ ይከፈታል። ሰዎች አናጺውን ይወቅሳሉ። ጥፋተኛው እንጀራው ነው።

ስለዚህ ምክሬ ለምጣዱ የራሱን ቦታ መስጠት ነው። ከካውንተሩ ዝቅ ያለ፣ ጥልቀቱ 75 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ላዩ ሴራሚክ ወይም ግራናይት የሆነ ክፍል በኪችኑ ጫፍ ማሠራት ይቻላል፤ ላዩ ላይ ካቢኔት አይሰቀል። ቦታ ከሌለ በረንዳ ላይ የብረት ማቆሚያ ይበቃል። ኤሌክትሪኩንም አብረው ያስቡበት። 3 ሺህ 500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይጎትታል። ከፍሪጅና ከምድጃ ጋር በአንድ ሶኬት ማከፋፈያ ላይ የሚሰካ ነገር አይደለም፤ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው።

ፎርማይካ ርካሽ ነው። ለምን አልገዛም?

መግዛት ይችላሉ፤ የት እንደሚያደርጉት ብቻ ይወቁ። ፎርማይካ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1912 የተፈለሰፈ ነገር ነው፤ ይህን ያህል ዕድሜ የቆየው ያለ ምክንያት አይደለም። ገጹ ጥሩ ነው፤ ለመጥረግ ይቀላል፣ ሎሚም ሊጥም አይበላውም። ችግሩ ከሥር ያለው እንጨት ነው። ኤምዲኤፍም ቺፑድም ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ ካበጠ አይመለስም።

ሞቱ የሚጀምረው ሁልጊዜ ከሲንኩ ነው። አናጺው ቀዳዳውን ቆርጦ ሲንኩን ያስገባል፣ ከላይ ሲሊኮን ይቀባል፣ ይሄዳል። የተቆረጠው ጠርዝ ግን ራቁቱን ነው። ቧንቧው ሥር ቀስ እያለ የሚንጠባጠብ ውሃ እዚያ ይገባል። ወራት አልፈው ሲያዩት ከሲንኩ ፊት ያለው ገጽ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። ስለዚህ ሲንኩ ከመግባቱ በፊት ቆመው ያሳዩኝ ይበሉ፤ የተቆረጠው ጠርዝ ዙሪያውን በሲሊኮን ወይም በውሃ መከላከያ ቀለም ይሸፈን። «አረንጓዴው ኤምዲኤፍ ውሃ አይገባውም» ቢሉዎት ደግሞ በግማሹ ይመኑ። እርጥበትን ከተራው በተሻለ ይቋቋማል እንጂ ውሃ ውስጥ የሚኖር ዓሣ አይደለም።

በጀት ለጠበበት ጥሩ መላ አለ። ሲንኩና ምድጃው ያሉበትን ወገን ግራናይት ያድርጉ፣ ሰሃን የሚደረደርበትንና ቡና የሚፈላበትን ደረቅ ወገን ፎርማይካ። ቀለማቸው ከተቀራረበ ማንም ልብ አይለውም።

ሴራሚክ ፋሽኑ ያረጀበት ነገር አይደለም እንዴ?

ሰው እንደዚያ ይላል። እኔ አልስማማም። ሙቀት ይችላል፣ አሲድ ይችላል፣ አንዱ ቢሰበር አንዱ ይቀየራል፣ ዋጋውም ከድንጋይ ይቀላል። የሚጠላው መጋጠሚያው ነው። የምስር ክክ ይገባበታል፣ ቅቤ ይጠጣል፣ በጊዜ ብዛት ይጠቁራል።

ይህን ማቅለል ይቻላል። የግድግዳ ሴራሚክ አይግዙ፤ ስስና ለስላሳ ነው። የወለል ፖርሴሊን ይውሰዱ። 60 በ60 የሆነውን ቢመርጡ ከፊት ወደ ኋላ አንድ ወጥ ሆኖ ይነጠፋል፣ መጋጠሚያ የሚኖረው በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ብቻ ነው። ባለሙያው መጋጠሚያውን ጠባብ ያድርገው፣ የሚሞላው ግራውትም ነጭ ሳይሆን ግራጫ ይሁን። ኤፖክሲ ግራውት ካገኙ ቅባት አይጠጣም፤ ውድ ነው፣ ለካውንተር ግን የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። የፊት ጠርዙ በአሉሚኒየም ማዕዘን ወይም በተቆረጠ ግራናይት ይጨረስ፤ ራቁቱን ከተተወ ድስት በነካው ቁጥር ይሸረፋል።

አንድ ጉድለቱ ግን አይካድም። ለድፎ ዳቦ ሊጥ የሚያሹ ሰዎች መጋጠሚያ ያለው ገጽ አይመቻቸውም።

ኳርትዝ ለጤና ጎጂ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

ቤትዎ ገብቶ ለተቀመጠ ኳርትዝ አይጨነቁ። ምግብ ቢነካው፣ ቢጠርጉት ምንም አይልዎትም። አደጋው ለሚቆርጠው ሠራተኛ ነው። ኳርትዝ ሲቆረጥና ሲሞረድ በጣም ደቃቅ የሲሊካ አቧራ ይወጣል። ያ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሲሊኮሲስ የሚባል የማይድን በሽታ ያመጣል። አውስትራሊያ በዚህ ምክንያት ከሐምሌ 1 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሰው ሠራሹን ድንጋይ ከልክላለች። ካሊፎርኒያም ወጣት የድንጋይ ቆራጮች ስለታመሙባት ደንቧን አጥብቃለች።

ግራናይትም ሲሊካ አለበት፤ መጠኑ ግን ያንሳል። እዚህ አገር የማየው ትልቁ ችግር ሠራተኛው ድንጋዩን ቤት ድረስ አምጥቶ ኮሪደር ላይ በደረቅ ግራይንደር ሲቆርጠው ነው። አቧራው ነጭ ጉም ሆኖ ደረጃውን ይሞላል፣ ልጆች ይመለከታሉ፣ ቆራጩ አፉን በሻርፕ ሸፍኗል። ሻርፕ አይከላከልም። ልኩ አስቀድሞ ይወሰድ፣ የሲንኩም የምድጃውም ቀዳዳ እዚያው ማሽን ቤት ውሃ እየፈሰሰበት ይቆረጥ። ቤት ላይ የግድ መነካካት ካለበት ውጭ ወጥቶ፣ ውሃ እየተጨመረበት፣ በትክክለኛ ማስክ ይሁን። ይህን መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ለቆራጩም ውለታ ነው።

ዋጋ ስጠይቅ በምን እታለላለሁ?

በካሬና በሜትር። አንዱ ሻጭ «በካሬ ይህን ያህል» ይላል፣ ሌላው «በሜትር»። 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ካውንተር አንድ ሜትር ርዝመት 0.6 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ የሁለቱን ዋጋ ጎን ለጎን አድርጎ ማወዳደር አይቻልም። መጀመሪያ ወደ አንድ መለኪያ ያምጡት።

ከዚያ ምን ምን እንደሚጨምር ይጠይቁ። የጠርዙ መወልወል፣ የሲንክና የምድጃ ቀዳዳ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ የሚቆመው 10 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ፣ ትራንስፖርት፣ መግጠሚያ ለየብቻ ሊቆጠሩ ይችላሉ። «ሁሉንም ጨምሮ፣ ተገጥሞ ስንት?» ይበሉና ወረቀት ላይ ይጻፍልዎት። የዋጋ ቁጥር እዚህ አልጻፍኩም፤ ሳይነበብ ይለወጣል።

የድንጋዩን ውፍረትም በመለኪያ ይለኩ። 2 ሳንቲ ሜትር ተብሎ 1.7 የሚመጣ ድንጋይ አለ። አንዳንዱ ደግሞ ስስ ሆኖ ከፊት በኩል ብቻ ሁለተኛ ቁራጭ ተለጥፎበት ወፍራም ይመስላል። ይህ በራሱ ክፋት የለውም፤ በወፍራሙ ዋጋ ከተሸጠ ግን ነው።

የተሸካሚ ሒሳብም አለ፤ ኮንዶሚኒየም ለሚኖሩ በተለይ። ግራናይት በ2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት በካሬ 54 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ በ3 ሳንቲ ሜትር 81። ሦስት ሜትር ርዝመት ያለው ካውንተር በስሱ 97 ኪሎ፣ በወፍራሙ 146 ኪሎ ይሆናል። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ከሆኑ ዋጋው ከመዋዋሉ በፊት ፎቅዎን ይናገሩ። የደረጃውን መዞሪያም ይለኩ፤ ሦስት ሜትር ድንጋይ እዚያ አይዞርም። ለሁለት ተቆርጦ ይመጣል ማለት ነው፤ መጋጠሚያው የት እንደሚያርፍ የሚወስኑት እርስዎ ይሁኑ፤ ሲንኩ ላይ ግን አይሁን።

ግራናይቱ ሲንኩ ጋ ለምን ይሰነጠቃል?

ሲንኩ ሲቆረጥ ከፊትና ከኋላ የሚቀረው ድንጋይ አምስት ወይም ስድስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ብቻ ነው። ደካማው ቦታ እሱ ነው። የቀዳዳው ማዕዘን ስል ሆኖ ከተቆረጠ ስንጥቁ ከዚያ ይነሣል፤ ክብ እንዲሆን ያድርጉ። ድንጋዩ ተጋድሞ ከተጫነም መንገድ ላይ ሊሰበር ይችላል፤ እንደ መስታወት ቆሞ ነው የሚጓዘው።

ሌላው ምክንያት ሙቀጫ ነው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የሚወቀጠው ብዙ ጊዜ ሲንኩ አጠገብ ነው፤ ውሃው ቅርብ ስለሆነ። ዘነዘናው በወረደ ቁጥር ያ ጠባብ ድንጋይ ይመታል። ከሥሩ ባዶ ካቢኔት ነው፣ የሚደግፈው የለም። ሙቀጫውን ወለል ላይ ያውርዱት፤ ካልሆነም የካቢኔቱ ቋሚ ግድግዳ በሚያልፍበት ቦታ ላይ፣ ከሥሩ የታጠፈ ጨርቅ አድርገው ይውቀጡ።

የእርድና የቅቤ ነጠብጣብ በምን ይለቃል?

እርድ ፀሐይ አይችልም። በሳሙና ካጠቡት በኋላ ቢጫ ከቀረ መስኮቱን ከፍተው ብርሃን እንዲመታው ይተዉት፤ በቀናት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል። የቅቤና የዘይት ጥላ ግራናይት ውስጥ ከገባ ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ እንደ ወፍራም ገንፎ ያቡኩ፣ ቦታው ላይ ይለጥፉ፣ በፌስታል ሸፍነው ያሳድሩት። ሲደርቅ ዘይቱን ወደ ላይ ይመጠዋል። አንድ ጊዜ ካልበቃ ይድገሙት።

በረኪናን እንደ ሁሉን ፈዋሽ ጠበል አይዩት። የኳርትዝን ሬዚን ያደበዝዛል፣ ስቴንለስ ስቲል ላይ ትናንሽ ጉድጓድ ይቆፍራል። ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ደግሞ በፍጹም እንዳይቀላቀል፤ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ጠባብ ኪችን ውስጥ አደገኛ ነው። ለየቀኑ ላርጎ፣ ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ጨርቅ ከበቂ በላይ ነው።

ሲለር በየስንት ጊዜው ይቀባል?

ሲለር ድንጋዩ ውሃና ቅባት እንዳይጠጣ የሚቀባ ፈሳሽ ነው። ካላንደር ከመከተል ውሃውን ይጠይቁት። ግራናይቱ ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርገው አሥር ደቂቃ ይጠብቁ። ጠብታው እንደ ዶቃ ከቆመ ደህና ነው። ሥሩ ያለው ድንጋይ ከጠቆረ ውሃ እየጠጣ ነው፣ ሲለር ይቀባ። ለብዙ ቤት በዓመት አንዴ ይበቃል። አንዳንድ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ድንጋይ ጨርሶ አይፈልግም። ኳርትዝና ፖርሴሊንም አይፈልጉም፤ ለእነሱ ሲለር ሊሸጥልዎት የመጣውን ይሸኙት።

ስቴንለስ ስቲልና እንጨትስ?

ስቲሉ ለምግብ ቤት ነው የተሠራው፤ እዚያም ተወዳዳሪ የለውም። ቤት ውስጥ ይጮኻል፣ ይጫራል፣ አሻራ ይይዛል። ካልጠሉት ግን ዕድሜ ልክ ነው። እንጨት፣ ለምሳሌ ዋንዛ፣ ይሞቃል ያምራልም፤ ዘይት በየጊዜው መጠጣት ይፈልጋል፣ ከሲንክ መራቅ ይፈልጋል። ጥሬ ሥጋ ለሚከተፍበት ቤት ደግሞ በቀጥታ ላዩ ላይ መክተፍ አይሆንም። ለነገሩ በየትኛውም ገጽ ላይ መክተፊያ ይጠቀሙ፤ ግራናይት ላይ ቢከትፉ የሚጎዳው ቢላዎ ነው።

ተከራይ ነኝ። ምን ላድርግ?

ማርብል የሚመስለው ስቲከር ከምድጃው እስካልተጠጋ ድረስ መጥፎ አይደለም። ገጹ ደረቅና ከቅባት የጸዳ ሲሆን ይለጠፍ፤ ሲንኩ ዙሪያ በስስ ሲሊኮን ይዘጋ። ምድጃው አጠገብ ያለውን አንድ ክንድ ያህል ቦታ ግን ይተዉት፤ ይጨማደዳል፣ እሳትም ሊይዘው ይችላል። ከዚያ ሁሉ የሚሻለው ከድንጋይ ቆራጭ የተረፈ የግራናይት ቁራጭ ገዝቶ ጠርዙን አስወልውሎ ከሥሩ ጎማ መለጠፍ ነው። ትኩሱን ድስት ይሸከማል፣ ሲለቁም ይዘውት ይሄዳሉ።

አሜሪካና እስራኤል ለምንኖርስ?

እስራኤል ያሉት ኳርትዙን በደንብ ያውቁታል፤ ከዓለም ታዋቂ አምራቾች አንዱ የሆነው ሴዛርስቶን እ.ኤ.አ. በ1987 በኪቡትስ ስዶት ያም የተመሠረተ ነው። እዚያ የሚጠነቀቁት ለሰንበት ፕላታ፣ ማለትም በሰንበት ምግብ ለሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ 25 ሰዓት ያህል አንድ ቦታ ላይ ይሞቃል። ሬዚን ያለው ገጽ ላይ በቀጥታ አይቀመጥ፤ እግር ያለው ማቆሚያ ወይም ወፍራም ሙቀት የማያሳልፍ ነገር ከሥሩ ይግባ፣ አየር ይለፍበት።

አሜሪካም በብዙ አዲስ ቤት የሚገኘው ኳርትዝ ነው። እዚያ የሚሸጠው የእንጀራ ምጣድ 16 ኢንች፣ ማለትም 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ካውንተር ላይ ይበቃል። ሰዓታት የሚጋግሩ ከሆነ ግን ከሥሩ ጣውላ ያድርጉ። ከላይ ካቢኔት ከሌለበት ቦታ ወይም ጋራዥ ከወሰዱት የበለጠ ጥሩ።

ግራናይት ጨረር አለው ይባላል፤ ልፍራ?

አይ። በተፈጥሮ በጣም ትንሽ ዩራኒየም ያለበት ድንጋይ አለ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ግን ካውንተሩ ቤት ውስጥ ካለው የተፈጥሮ ጨረር በላይ የሚታይ ነገር የመጨመር ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው ይላል።

የድሮ ቤት ነው፤ ካውንተሩ ቴራዞ ነው። ላንሣው?

አያንሱት። የድሮ ቴራዞ በሲሚንቶ የተያዘ የማርብል ጠጠር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዛሬው ስስ ድንጋይ የበለጠ ወፍራምና ጽኑ ነው። ጥቁርና ሻካራ የሆነው ላዩ ብቻ ነው። ወለል የሚወለውል ባለሙያ ጠርተው በእጅ ማሽን፣ በውሃ፣ ከሻካራው ዲስክ ወደ ለስላሳው እየሄደ ያስፈግፍጉት፤ ከዚያ ሲለር ይቀባ። ማርብልና ሲሚንቶ ስለሆነ ሎሚና ሊጥ እንደማርብሉ ይበሉታል፣ የሊጡ ባልዲ ሰፋ ያለ ትሪ ላይ ይደር። የተሸረፈ ጠርዝ ካለ ባለሙያው በነጭ ሲሚንቶና በተመሳሳይ ጠጠር ይሞላዋል፤ ጠጠሩን መጀመሪያ ከካውንተሩ ጎን አስይዘው ቀለሙን ያመሳስሉ።